የሞረድኳቸው ኮለኖች

ግንበኛ ነኝ፤ ነፋስ ስልክ አካባቢ ስሜ የሚነሳው በአርማታ ምሰሶ ጠርዝ ነው። እሱ ያቆመው ኮለን ማዕዘኑ ቢላ ነው ይሉኛል። ይህን ስሰማ ደረቴን ሳልነፋ ቀርቼ አላውቅም።

ስለዚህ አንዲት ወጣት ኢንጂነር ለቡ በሚገኝ አንድ ቤት ምድር ቤት ውስጥ ቆማ፣ "ጋሼ፣ የኮለኖቹን ጠርዝ በግራይንደር ሞርደው ክብ ያድርጉልኝ" ስትለኝ ደሜ ፈላ። ኮለኖቹን ያቆምኳቸው እኔው ነኝ። ቤቱ የአንዲት ጡረተኛ ልብስ ሰፊ ነው፤ እትዬ ዕድሜያቸውን በስፌት መኪና ላይ ጨርሰው የሠሩት ባለ አንድ ፎቅ። ሌላ ፎቅ ሊጨምሩ ሲሉ የኮለኖቹ አርማታ ተመረመረና ደካማ ሆኖ ተገኘ። ያኔ ለማፍሰስ እንዲቀለን ውሃ አብዝተንበት ነበር፤ ጥፋቱ የኔም ነው። የክፍለ ከተማው የግንባታ ተቆጣጣሪ ቁርጡን ነገራቸው፤ ኮለኖቹ ካልተጠናከሩ ቤቱ ይፈርሳል።

ኢንጂነሯ ያመጣችው ማጠናከሪያ ደግሞ ጨርቅ ሆኖ አረፈው። ከካርቦን ክር የተሠራ ጥቁር ጨርቅ፣ ኢፖክሲ የሚባል ማጣበቂያ ጠጥቶ ኮለኑ ላይ የሚጠመጠም።

"አርማታን በጨርቅ? ቁስል መሰለሽ እንዴ?" አልኳት።

አልተቆጣችም። ከጨርቁ ቀጭን ቁራጭ ቆርጣ፣ በዚያ በምኮራበት ጠርዝ ላይ አጥፋ ሳበችው። ክሮቹ ተራ በተራ ተበጠሱ።

"አርማታው ሸክም ሲበዛበት ወደ ጎን ያብጣል፤ ጨርቁ ጥርቅም አድርጎ ይይዘዋል። ሹል ጠርዝ ላይ ግን ይቆረጣል" አለች።

እትዬ አጠገባችን ነበሩና፣ "ልክ ናት፤ ክር ስለት ላይ አይበረክትም" አሉ። ስለ ክር ከሳቸው ጋር ማን ይከራከራል?

አንገቴን ደፍቼ ግራይንደሩን አነሳሁ። የገዛ እጅን ሥራ መሞረድ ያማል፤ የመጀመሪያውን ቀን በእልህ ሞረድኩ። በሁለተኛው ቀን ግን እያንዳንዱን ማዕዘን በመዳፌ እየዳበስኩ፣ ትንሽ ከሻከረኝ እንደገና እሞርድ ነበር። ከዚያ ማጣበቂያውን ቀባን፣ ጨርቁን ጠመጠምን፣ ውስጡ አየር እንዳይቀር በሮለር ደጋግመን ዳመጥነው።

ሁሉም ሲደርቅ ተቆጣጣሪው ተመልሶ መጣ። የጨርቁን መጣበቅ ለመፈተን ትንሽ ክብ ብረት ላዩ ላይ አጣብቆ በመሣሪያ ይስበው ጀመር። ድንገት ጧ ብሎ ብረቱ ተላቀቀ። እትዬ "በቃ፣ ፈረሰ ቤቴ" ብለው ግድግዳውን ተደገፉ።

ኢንጂነሯ ግን ብረቱን ገልብጣ አሳየችን። ጨርቁ ብረቱ ላይ እንደተጣበቀ ነው፤ ጀርባው ላይ የአርማታ ቅርፊት ይዞ ወጥቷል።

"ማጣበቂያው አልለቀቀም። የተላቀቀው አርማታው ነው፤ እሱም ከሚጠበቅበት ኃይል በላይ ተስቦ ነው። የፈለግነው ይሄንኑ ነው" አለች።

ተቆጣጣሪው የመሣሪያውን ቁጥር አየና ፈረመ። ስንት ሕንፃ አቁሜያለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን በሥራዬ ኮርቼ አላውቅም።

እትዬ ደረጃውን ወጡ። ዘወትር ጉልበቴን የሚሉት ሴትዮ ከላይ ሆነው ወለሉን በእግራቸው ደበደቡት፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ከዚያ ከደረጃው አናት ብቅ አሉና ቁልቁል እያዩን፣ "ልጆች፣ ዛሬ ምሳ እኔ ቤት ነው" አሉ።