የፊተኛው ማሳ

አሰላ ውስጥ ጌም እሠራለሁ ያለ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያስበው ባጃጅ ነው። እኔም ያው ነኝ። ቀጥሎ የመጣልኝ የፈረስ ጋሪ ነበር፤ ፈረስ ግን አራት እግር አለው፣ አራት እግር ተራ በተራ ሲነሳ ለመሳል ደግሞ የእኔ እጅ አይበቃም። የምሠራው ብቻዬን ነው። ሥዕሉም፣ ድምፁም፣ ኮዱም፣ ሲበላሽ መነጫነጩም የእኔ ነው። ስለዚህ ካሬ የሆነ ነገር ፈለግሁ። ካሬ መሳል እችላለሁ።

ነገሩ ጌም ጃም ይባላል። ኢንተርኔት ላይ የተገናኙ ሰዎች አንድ ርዕስ ይሰጣቸውና በአንድ ቅዳሜና እሁድ ትንሽ ጌም ሠርተው ያስረክባሉ። ሽልማት የለውም። ሌላው ሰው የሠራህን ይጫወትልሃል፣ አንተም የእሱን ትጫወታለህ፣ በቃ። እኔ የተመዘገብኩበት ርዕሱን አስቀድሞ ይናገራል፤ ማሰብ፣ መጠየቅና ወረቀት ላይ መንደፍ ይቻላል፣ ቀኑ ሳይደርስ ኮድ መንካት ግን ክልክል ነው። የዚያን ጊዜው ርዕስ «መንገድ» የሚል ነበር።

ቀን ቀን የምውለው ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። መታወቂያ፣ ማመልከቻ፣ የተማሪ ሞጁል አባዛለሁ፤ ደንበኛ በሌለበት ሰዓት በተበላሸ ወረቀት ጀርባ ላይ ጌም እነድፋለሁ። ከዚያ በፊት የጀመርኳቸው ሁለት ጌሞች ከአቅሜ በላይ ሆነው ሳያልቁ ቀርተዋል። ለዚህኛው ጥብቅ ሕግ አወጣሁ፤ ጨዋታውን ለአንድ ሰው ባጭሩ ማስረዳት ካቃተኝ እተወዋለሁ።

ካሬውን ያገኘሁት ከአክስቴ ነው። አክስቴ የእናቴ ታላቅ እህት ናቸው፤ ከአሰላ ወደ ጎበሳ በሚወስደው መንገድ ዳር ገብስ ያርሳሉ። በኅዳር አንድ ቀን ደወሉና ስለ ጤንነቴ ከጠየቁኝ በኋላ፣ «ኮምባይነሩ ሰሞኑን ይመጣል አሉ። ከኋላ ያሉት ደርሶላቸዋል፣ የኔ ግን ገና አረንጓዴ ነው» አሉኝ። አርሲ ውስጥ ያደገ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ወዲያው ይገባዋል። ኮምባይነር እያጨደ፣ እየወቃ፣ እህሉን የሚያራግፍ ትልቅ ማሽን ነው። ለአንድ ሰው ብሎ አይመጣም፤ የአካባቢው ሰው ተሰባስቦ በደላላ በኩል ያስጠራዋል፣ ከመንገድ ይገባና ማሳ ማሳውን እያጨደ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። የፊቱ ማሳ ካልታጨደ የኋላው ጋ መድረሻ የለውም። ዛሬ ያልገባበት ቦታ ደግሞ ተመልሶ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም።

ስልኩን ስዘጋ ስለ አክስቴ አልነበረም ያሰብኩት። «ይሄማ ጌም ነው!» ነው ያልኩት።

ያኔውኑ ነደፍኩት። አምስት ካሬ፣ አንድ ማሽን፣ አንድ መግቢያ። የኋላዎቹን አራት ካሬዎች በቢጫ እርሳስ ቀባሁ። የፊተኛውን ቀይ አድርጌ ላዩ ላይ «እንቅፋት» ብዬ ጻፍኩበት። ተጫዋቹ ማሽኑን ይነዳል፤ ዝናብ ሳይመጣ እንቅፋቱን አልፎ አራቱን ማጨድ አለበት። ለራሴ ሳስረዳው ባጭሩ አለቀልኝና ደስ አለኝ።

የቀረኝ ቦታውን ማየት ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ወደ ጎበሳ የሚሄድ ሚኒባስ ይዤ አክስቴ ሰፈር ወረድኩ። መሬታቸው ከመንገዱ ወደ ውስጥ እንደ መቀነት ቀጭን ሆኖ የተዘረጋ ነው። በአንድ በኩል ባሕር ዛፍ፣ በሌላው በኩል ጎርፍ የሸረሸረው ገደል አለ፤ ወደ ኋላ ማሳዎች ማሽን የሚያስገባ ሌላ ቦታ የለም። አክስቴ ክረምት መግቢያ ላይ ታመው እኛ ቤት ተኝተው ነበርና የዘሩት ከሰው ሁሉ ዘግይተው ነው። ገና በደንብ ሳይድኑ ልሂድ ልሂድ ብለው፣ እናቴን አስለቅሰው፣ ሄደው ዘሩ። «ከአልጋ ተነስቼ የዘራሁት» ይሉታል። ገብስ የሚለው ቃል ራሱ አይጨመርበትም። ሲበስል ለማየት ያላቸው ጉጉት ከመሸጡም በላይ ይመስለኝ ነበር።

እኔ ማሳውን በእርምጃ እየለካሁ፣ በስልኬ ፎቶ እያነሳሁ፣ ወረቀት ላይ እየጻፍኩ ወዲያ ወዲህ አልኩ። ትንሽ ቆይቶ ከኋላ ማሳዎች የአንዱ ባለቤት የሆኑ ሽማግሌ ዱላቸውን ይዘው መጡ። ከአክስቴ ጋር በኦሮምኛ ሰላምታ ተለዋወጡና ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጅቷ ከመሬት ቢሮ ናት እንዴ?»

አክስቴ ሳቃቸው መጣ። «የምን መሬት ቢሮ! የእህቴ ልጅ ናት። ጨዋታ ልትሠራ ነው።»

«የምን ጨዋታ?»

«የኮምባይነር።»

ሽማግሌው ወረቀቴን አዩ፣ እኔን አዩ። «ኮምባይነር ጨዋታ ነው እንዴ?» አሉ።

ደጃፉ ላይ ተቀመጡ። አክስቴ ቆሎ አቀረቡላቸው። እኔ እስክሪብቶዬን ይዤ ጥግ ላይ ቁጭ አልኩ፤ አሁን ጥያቄው ይመጣል፣ እሱን እሰማና ጌሙ ውስጥ አስገባዋለሁ ብዬ። ሽማግሌው ስለ ታመመች ጥጃቸው አወሩ። ቀና ብለው የጭላሎን ተራራ አዩና «ዛሬስ ጠቁሯል» አሉ። አክስቴም «ጠቁሯል» አሉ። ስለ አንድ ሰርግ አወሩ። ደላላው ማሽኑ ነገ እንደሚደርስ ደውሎ እንደነገራቸውም ሽማግሌው በወሬ መሃል እንደ ቀላል ነገር ጣል አደረጉት። እኔ ትዕግሥቴ አልቆ ልፈነዳ ምንም አልቀረኝም። ስለ መሬቱ፣ ስለ መተላለፊያው፣ አንዲት ቃል አልወጣቸውም። ተነሱ፣ ተሰናበቱ፣ ዱላቸውን አነሱ።

ጥቂት እንደሄዱ አክስቴ ከመቀመጫቸው ሳይነሱ፣ «ነገ ማጭድ ይዛችሁ ኑ። ማሽኑ ከሚረግጠው ታጭዶ ለከብት ይሁን» አሉ።

ሽማግሌው ቆሙ። ዞረው ግን አላዩዋቸውም። «ገለቶማ» ብለው አመሰገኑና ፈጠን ብለው ሄዱ።

«እትዬ፣ ሳይጠይቁዎት?» አልኩ።

«ምኑን ይጠይቁኛል? መጥተው ተቀመጡ አይደል?»

ጌሙ ላይ፣ ማሽኑ የፊተኛው ማሳ ጋ ሲደርስ ለባለቤቱ የሚወጡ «ፍቀድ» እና «ከልክል» የሚሉ ሁለት ቁልፎች ነድፌ ነበር። ሰረዝኳቸው። ጎረቤቱ ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ ስለ ሰማዩ ያወራል፣ ይሄዳል። የማሳው ባለቤት ሳይጠየቅ ካልተናገረ ማንም አይጠይቀውም። እንደዚህ ያለ ጌም አይቼ ስለማላውቅ በራሴ ኮርቼ ስስል፣ አክስቴ ትከሻዬ ላይ ዘንበል ብለው ወረቀቱን ያዩ ነበር።

«ይቺ ቀይዋ የማን ናት?»

በእጄ ልሸፍናት ስል ቀደሙኝና ቀስ እያሉ አነበቧት። «እን…ቅ…ፋት።» ከዚያ ሳቁ። «አይ አንቺ ልጅ! እንቅፋት አደረግሽኝ?»

ስቀው ተዉት፤ እኔ ግን መግቢያ አጣሁ። አረንጓዴ እርሳስ ፈልጌ በቀዩ ላይ ደጋግሜ ቀባሁበት፣ ቀለሙ ተደባልቆ የማይረባ ቡናማ ሆነ። ያኔ ነው ተጫዋቹን ከማሽኑ ላይ ያወረድኩት። ማሽኑ በራሱ ይሂድ፤ የሚጫወተው የፊተኛው ማሳ ባለቤት ሆኖ ነው ብዬ ወሰንኩ።

በማግስቱ ጠዋት የኋላ ማሳ ሰዎች ማጭድ ይዘው መጡ። ማንም ቀድሞ መጀመር አልፈለገም፤ መሬት መሬት እያዩ ቆሙ። አክስቴ ከአንደኛው እጅ ማጭድ ተቀበሉና የመጀመሪያውን ጭብጥ ራሳቸው አጨዱ። ከመንገዱ እስከ ውስጥ፣ በገደሉ በኩል፣ ማሽኑ የሚያልፍበትን ያህል ስፋት ወደቀ። ከማሳቸው ሲሶው ይሆናል። አንዱን ዛላ በጣቴ ብጨምቀው ገና ወተት ነው። ማሽኑ ገባ፣ ቀኑን ሙሉ አጓራ፣ አራቱን ማሳ ጨርሶ ወጣ። ጭላሎ ላይ የከረመው ደመና ወደ ሌላ አቅጣጫ ተገፋና ዝናቡ ሳይመጣ ቀረ። እኔ ተናደድኩ። ቢያንስ ዘንቦ ቢሆን ኖሮ!

አክስቴ ወደ ሰማይ ሳፈጥ አይተው፣ «ባለመዝነቡ ነው የተኮሳተርሽው?» አሉኝ። አዎን፣ በዚያ ነበር።

አሰላ ተመልሼ የቀሩኝን ሳምንታት ያሳለፍኩት በአንድ ችግር ላይ ነው። ወረቀት ላይ ብቻዬን ስሞክረው ሁልጊዜ አሳልፋለሁ። ጎረቤቱ ገና ሳይቀመጥ «ነገ ኑ» እላለሁ፤ አራቱ ማሳ ይታጨዳል፣ አሸንፋለሁ። ምንም አያምም። አረንጓዴ ካሬ መስጠት ምን ያማል? ትልሙን በየተራ ራሴ እንድዘራው አደረግሁ፣ ትንሽ ተሻለ፤ አሁንም ግን እሰጣለሁ። ከአልጋ ያልተነሳ ሰው ዘሪ ነህ ቢሉት ምን ይሰማዋል? ይሄን የሚፈታ ኮድ የለም፣ እኔም አላገኘሁም። የኋላዎቹ ማሳዎች ከረገፉ ተጫዋቹ ይሸነፋል ብዬ ሕጉን ጽፌ ቋጨሁት፤ ጃሙ ሊጀምር ጥቂት ቀን ነበር የቀረው።

በዚያው ሳምንት አክስቴ ለሐኪም ቀጠሮ አሰላ መጡ። ሲጨርሱ እኔ ወዳለሁበት ሱቅ ጎራ አሉና ከፎቶ ኮፒው ማሽን አጠገብ ያለችው ወንበር ላይ አረፉ። የቀረው ገብሳቸው ደርሶ በሰው እጅ መታጨዱን ነገሩኝ። ደንበኛ አልነበረም። ጌሙን ላሳይዎት ብዬ ባለቀለም ወረቀቶቼን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁ። ኮምባይነሩ ስቴፕለር ነው፤ ጎረቤቱ የለስላሳ ቆርኪ።

«የእርስዎ ይሄ ረጅሙ ነው፣ አረንጓዴው» አልኳቸው።

«አውቄዋለሁ» አሉ።

ቆርኪውን አምጥቼ ከማሳቸው ዳር አስቀመጥኩ። «ሰማዩ ጠቁሯል» አልኩ፣ ሽማግሌውን ሆኜ። አክስቴ ዝም አሉ። ቆርኪውን መለስኩት። የኋላዎቹን አረንጓዴ ወረቀቶች አንስቼ በቢጫ ተካሁ። ቆርኪው እንደገና መጣ፣ ተቀመጠ፣ ስለ ጥጃው አወራ። አክስቴ አሁንም ዝም።

«አያሳልፉትም እትዬ?»

«ይቆይ።»

«ዝናብ ሊመጣ ነው።»

«ይምጣ።»

የሚቀልዱ መስሎኝ ቀና ብዬ አየኋቸው። አይቀልዱም። ዓይናቸው ረጅሙ አረንጓዴ ወረቀት ላይ ነው። ዝናቡን አመጣሁ፣ የኋላዎቹን አራት ቢጫ ወረቀቶች አንድ በአንድ ገለበጥኳቸው። ረገፉ ማለት ነው። አክስቴ ጠበቁ።

«የኔ መቼ ነው ቢጫ የሚሆነው?»

ለእርሳቸው ማሳ ቢጫ አልቆረጥኩም ነበር። አንድ አረንጓዴ፣ አንድ ደግሞ ጎኑ የታጨደ አረንጓዴ ብቻ ነው ያለኝ። ለሁሉም ቢጫ ስቆርጥ ለእርሳቸው እንደሚያስፈልግ አልታየኝም። የዚያን ቀን ማጭዱን ሲቀበሉ ፊታቸውን አይቼ ነበር፤ አላዘኑም ብዬ ነበር ወደ ቤቴ የገባሁት።

መቀስ አነሳሁና ከቢጫው ረጅም አድርጌ ቆረጥኩ፣ ሙሉውን፣ ከመንገዱ እስከ ውስጥ። ሰጠኋቸው። አረንጓዴው ላይ አስተካክለው አስቀመጡት፤ በገደሉ በኩል ያለውን ጠርዝ በመዳፋቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉት። ከውጭ አንድ ሰው መታወቂያ ኮፒ ሊያደርግ ገብቶ፣ በእጄ ጠብቅ አልኩት።

ከዚያ ስቴፕለሩን ራሳቸው አነሱና ከመንገዱ ጀምረው ቀስ እያሉ በቢጫው ላይ ገፉት።

በሕጌ መሠረት እዚህ ላይ «ተሸንፈዋል» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም።