ያልሰረዝኩት ቁጥር

በቀደም የእህቴ ልጅ በስልክ ስታወራ ሰማኋት። ፈቃድ ላይ ናት። የቢሮዋን ኮምፒውተር የይለፍ ቃል ለባልደረባዋ ፊደል በፊደል እየነገረቻት፣ «በእኔ ስም ገብተሽ ጨርሽው» ትላለች። ደግነት ነው። እኔም በወጣትነቴ ያንኑ አድርጌያለሁ።

በደርግ ጊዜ ሐዋሳ ውስጥ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት እሠራ ነበር። ኮምፒውተር አልነበረንም። የሠራተኛው ሁሉ የግል ማኅደር በብረት ካቢኔ ተቀምጦ፣ ክፍሎቹ በጋራ ይጠቀሙበታል። ማኅደር ማውጣት የተፈቀደለት ሰው የራሱ ቁጥር አለው። ቁጥሮቹና የፊርማ ናሙናዎቹ ያሉበት ደብተር በእኔ እጅ ነው። ሰው መስኮቴ ላይ ሲመጣ ቁጥሩን ይነግረኛል፣ ካርድ ላይ ይፈርማል፤ ከናሙናው ጋር አመሳክሬ እሰጠዋለሁ። የተዛወረ ወይም ረጅም ፈቃድ የወጣ ሰው ቁጥሩ በዚያው ቀን በቀይ እስክሪብቶ ይሰረዛል። ኃላፊዎችን እንኳ ያለ ፊርማ አላስተናግድም። «የገነትን በር ነው እንዴ የምትጠብቂው?» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር።

በሠራተኛ አስተዳደር ክፍል የምትሠራ ወዳጅ ነበረችኝ። ለወሊድ ፈቃድ ልትወጣ ስትል መስኮቴ ላይ መጣች።

«እባክሽ ቁጥሬን አትሰርዢብኝ።»

«ደንቡን ታውቂዋለሽ።»

«ደንቡንማ አውቃለሁ። ቁጥሬ ተሰርዞ ለሌላ ከተሰጠ ግን ወንበሬም አብሮ ይሄዳል። ስመለስ ወደ አንዱ ወረዳ ነው የሚልኩኝ። ጨቅላ ይዤ የት እገባለሁ?»

እውነቷን ነበር፤ በሌሎች ሴቶች ላይ ሲደርስ አይተናል። አጠገቧ የሚሠራው ባልደረባዋ ሥራዋን ደርቦ ሊሠራላት ተስማምቷል። ስለዚህ ቁጥሯን ክፍት ተውኩት። እሱ እየመጣ፣ ሥራዋ እንዳልቆመ እንዲታይ፣ በእሷ ቁጥር ያወጣል፣ ፊርማዋን አስመስሎ ይፈርማል፣ እኔም አይቼ እንዳላየ እሰጠዋለሁ። መስኮቱ ላይ ደገፍ ብሎ፣ «አራሷ መጥታለች፤ ገንፎ የለም?» ይለኛል። እስቃለሁ።

በሦስተኛው ሳምንት አለቃችን ጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ የአንድ ሾፌር ማኅደር ተከፍቷል። በሾፌሩ ላይ የተጻፈ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ከውስጡ ጠፍቷል። ማኅደሩን መጨረሻ ያወጣው ቁጥር የእሷ ነው።

«ይቺ ሴት ከወለደች ስንት ጊዜዋ ነው?» አለኝ።

«ሁለት ሳምንት ይሆናታል፣ ጓድ።»

«እና ባለፈው ማክሰኞ ከአራስ አልጋዋ ተነሥታ መጥታ ፈረመች?»

ፊርማዋ ያለበትን ካርድ ወደ እኔ ገፋ አደረገው።

«ሾፌሩ የአገሯ ልጅ ነው አሉ። ነገ ጠዋት ልጇን ታቅፋም ቢሆን ትምጣና ለኮሚቴው ታስረዳ።»

በዚያ ዘመን ለማስረዳት ገብተው በዚያው ወደ እስር ቤት የተወሰዱ ሰዎችን እናውቃለን።

ወጥቼ ለባልደረባዋ ነገርኩት። ፊቱ ዐመድ መሰለ። «እህቴ፣ እኔ ምንም ወረቀት አላነሣሁም። እስቲ ዝም በይና መጀመሪያ የእሷን ጠረጴዛ እንፈትሽ» አለኝ። ፈተሽን፤ ምንም የለም። ከየት ይመጣል? እሷ ማኅደሩን በዓይኗም አላየችው። መሳቢያው ላይ ጎንበስ እንዳልኩ ነው የገባኝ። ቁጥር ሌባ መያዣ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ወረቀት ሲጠፋ ማንን እንደምንጠይቅ የሚነግረንም እሱ ነው። እኛ ግን የወሰደውን ሰው በእሷ ስም ሸፍነን ባዶ መሳቢያ እናገላብጣለን።

ለብቻዬ ተመልሼ አለቃው ዘንድ ገባሁ።

«ጓድ፣ የወሰደችው እሷ አይደለችም። ቁጥሯን መሰረዝ ነበረብኝ፤ አልሰረዝኩም። ባልደረባዋ ይሠራበት ነበር።»

«አንቺ?» አለ። ከዚያ ሰውየውን አስጠራው። «ማክሰኞ ጠረጴዛህ ላይ ምን ምን ነበረ?» ብሎ ጠየቀው። ሰውየው አሰበ። ከሾፌሩ ጋር በስምም በአባት ስምም አንድ የሆነ የጥበቃ ሠራተኛ ነበረን፤ በአያት ብቻ ይለያያሉ። ያን ቀን የሁለቱንም ማኅደር ጎን ለጎን ከፍቶ ሠርቷል። የጥበቃውን ማኅደር አመጣሁ። ደብዳቤው እዚያ ውስጥ ተሰክቷል።

እሷን መጥራቱ ቀረ። ለሰውየውና ለእኔ ማስጠንቀቂያ ተጻፈብን፤ ደብተሩን ግን አልነጠቁኝም። ቁጥሯን አለቃው ፊት በእጄ ሰረዝኩ። በሳምንቱ ወንበሯ ለሌላ ሰው ተሰጠ።

ፈቃዷ ሲያልቅ ወደ ወረዳ መዛወሯ ተነገራት። ሕፃኑን አዝላ ክሊራንስ ልታስፈርመኝ መጣች። ፈረምኩላት።

«ባትናገሪ ኖሮ ምን ይደርስብኝ እንደነበር ሰምቻለሁ» አለችኝ። «በዚያ አልተቀየምኩሽም።»

«ታዲያ በምንድን ነው?»

«ወንበሩ የእኔ ነበር። ቤቴ ታቦር ሰፈር ነው፤ በእግር ይደረሳል። መጥተሽ ልናገር ነው ብትዪኝ ምን ነበረበት? ተናገሪ እልሽ ነበር።»

ከኋላዋ ሰው ወረፋ ይዞ ነበር። ወረቀቱ ላይ ማኅተም መትቼ ሰጠኋት፤ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችውና ወጣች።

ከዚያ በኋላ ጡረታ እስክወጣ ድረስ፣ የማንንም ቁጥር ከመሰረዜ በፊት ባለቤቱን ፈልጌ እነግረው ነበር። ደንቡ ይህን አይጠይቅም።