ጌጁ ከበር ላይ ሆኖ ያየው

ሰፈሩ «ጌጁ» ይለዋል። በውኃ መሥሪያ ቤት ሠላሳ አራት ዓመት በቧንቧ ሠራተኝነት ሲኖር ከኪሱ የማትለይ አንዲት ክብ የግፊት መለኪያ፣ «ጌጅ» የሚሏት፣ ነበረችው። ሰው ቤት ሲጠራ፣ ምንም ከመንካቱ በፊት መለኪያዋን ግቢው ቧንቧ ጫፍ ላይ አስሮ ቆሞ ያነባል። «ቤቱ በውኃ ተጥለቅልቆ አንተ ትለካለህ?» ሲሉት፣ «ለምን እንደፈነዳ ልጠይቀው እንጂ» ይላል። ሲስቁበት አብሯቸው ይስቃል።

ጡረታ በወጣ በዓመቱ ቀኝ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጀመሪያ ጣቶቹ፣ ቀጥሎ አንጓው፣ በኋላ እስከ ክርኑ። ጎረቤት ቤት የእጅ መታጠቢያ ሲገጥም ፒንሳው አምልጦት አዲሱን ሳህን ለሁለት ከፈለው። ከዚያ ወዲህ የጠራው የለም። መንገድ ላይ ሲያገኙት ጤናውን ይጠይቁታል፤ ቧንቧቸው ሲያፈስ ግን በበሩ አልፈው ከሌላ ሰፈር ሰው ያመጣሉ።

ከሁሉም የከፋችበት ሚስቱ ናት። በልብስ ስፌት ጣቶቿን የጨረሰች፣ ምላሷ ምላጭ የሆነ ሴት ነች። ሻይ ሲደፋበት «ይኸው፣ ጠረጴዛውን አጠጣው» ትላለች። እንግዳ ካለ ደግሞ ድምፅዋን ከፍ ታደርጋለች።

የሚስቱ መገጣጠሚያ ቀዝቃዛ ውኃ ሲነካው እንባዋ ይመጣል። ይህን የምታውቀው አንድ ልጃቸው ትንሿን የሻወር ማሞቂያ አስነቅላ ትልቅ፣ ውኃ የሚያጠራቅም ባለጋን ማሞቂያ ልታስተክልላት አሰበችና እቃውን ገዝታ መጣች። የሚገጥመውንም ሰው አብራ አመጣችው። መሥሪያ ቤቷ ውስጥ «ኢንጂነሩ» ይሉታል። የት እንደተማረ የጠየቀው የለም፤ ቦርሳው ያብረቀርቃል፣ ጫማው ጭቃ አያውቅም።

ኢንጂነሩ መታጠቢያ ቤት ገባ፣ ቧንቧውን ከፈተ፣ ውኃው ቀጥኖ ሲወርድ አየና ዘጋው።

«ግፊታችሁ ደካማ ነው። ግፊት መቀነሻ ምናምን አያስፈልግም» አለ።

ጌጁ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። «ዛሬ ሰኞ ነው» አለው። «ውኃ በዚህ ሰፈር በፈረቃ ነው የሚመጣው። አሁን የምታየው የታንከሩን ነው። ረቡዕና ቅዳሜ ጠዋት የውኃ መሥሪያ ቤቱ ፓምፕ ሲገፋ ሌላ ነገር ነው። እስከ ረቡዕ ጠብቅና ለካው። መለኪያ ከሌለህ የኔን ውሰድ።»

«አባባ፣ እኔ የሆቴል ማሞቂያ ስተክል የኖርኩ ሰው ነኝ።»

«የትኛው ሆቴል? ስልካቸውን ስጠኝና ልጠይቃቸው። ፈቃድህንም ባየው ደስ ይለኛል።»

ልጅቷ ፊቷ ቀላ። «አባዬ፣ አታሳፍረን እንጂ። ሰው እቤታችን መጥቶ እንደ ሌባ ይመረመራል?»

ኢንጂነሩ ግን አልተቆጣም። ፈገግ ብሎ ባትሪውን አቀበለው። «ባይሆን ይቺን ይያዙልኝ፣ አባባ።»

ጌጁ ያዘ። መብራቱ ግድግዳው ላይ ወዲያና ወዲህ ይዘል ጀመር። በሁለት እጁ ያዘው፤ ባሰበት። መጀመሪያ ኢንጂነሩ ሳቀ፣ ልጅቷም አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች። ሚስቱ ከኮሪደሩ መጥታ አየችና፣ «ባትሪውን ሚስማር ላይ አንጠልጥለው፣ ልጄ» አለች ለኢንጂነሩ። «ሚስማር ቢያንስ አይንቀጠቀጥም።»

ጌጁ ባትሪውን ወለሉ ላይ አስቀምጦ ወጣ።

ማሞቂያው ከእጅ መታጠቢያው በላይ ተሰቀለ። ሚስቱ ሁለት ቀን ሙሉ ጣቶቿን ሙቅ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፋ ዘፈነች። ረቡዕ ጠዋት ፓምፑ ሲገፋ ከማሞቂያው ሥር ያለው የግፊት ማስተንፈሻ ቫልቭ ይንጠባጠብ ጀመር። ቫልቩ ሥራውን እየሠራ ነው፤ የበዛበትን ወደ ውጭ እየጣለ። እሷ ግን ወለሉ ረጠበብኝ ብላ ደወለች፣ ኢንጂነሩም ከሰዓት በፊት ደረሰ።

ጌጁ እንደገና በሩ ላይ ቆመ። ሰውየው ከቦርሳው ትንሽ የነሐስ መድፈኛ አወጣ፣ ነጭ የቴፍሎን ጥብጣብ ጠመጠመባት፣ ቫልቩ አፍ ውስጥ አስገብቶ በፒንሳ ጠረቀማት። የማሞቂያው መተንፈሻ ጥርቅም ብሎ ተዘጋ። ጌጁ በሠላሳ አራት ዓመት እንዲህ ያለ ነገር ያየው አንዴ ብቻ ነው፤ ያም ቤት ጣሪያውን አጥቷል።

አፉን ከፈተ።

«አባባ፣ ባትሪ ሊይዙልኝ ነው?» አለ ኢንጂነሩ ዞር ሳይል።

ሚስቱ ሳቀች። ሆዷን ይዛ፣ ግድግዳ ተደግፋ ሳቀች።

ጌጁ አፉን ዘጋ። ግቢ ወጥቶ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። ልናገር አላለም፤ ልተወውም ብሎ አልወሰነም። በልቡ የሚመላለሰው አንድ ሐሳብ ብቻ ነበር፦ የማሞቂያውን ውኃ የሚያወርደው ተጣጣፊ ቱቦ አንድ ቀን ይለቃል፣ ቤቱ ይጥለቀለቃል፣ ምንጣፏ ይበሰብሳል። ያኔ እሷው መጥታ «አንተ፣ ና እስቲ እየው» ትለዋለች። ይህን ሲያስብ ደስ አለው። ሐሙስንና ዓርብን ልክ ደብዳቤ እንደሚጠብቅ ሰው ዋለ። አንዴ ሚስቱ ምን እንዲህ ያስደስትሃል ብላዋለች። «ምንም» አላት።

ቅዳሜ ጠዋት ግቢ ውስጥ ጫማውን እየጠረገ ሳለ ቧንቧዎቹ ግድግዳው ውስጥ ሲያቃስቱ ሰማ። ድምፁን ያውቀዋል። ኢንጂነሩ የማሞቂያውን ሙቀት እስከ መጨረሻው አዙሮት እንደሄደም ያውቃል። ብሩሹን አስቀመጠ። መነሳት ይችል ነበር፤ ዋናው የውኃ መዝጊያ ከእሱ ስድስት እርምጃ አይሆንም። አልተነሳም።

ሚስቱ ፊቷን ልትታጠብ ጎንበስ ባለችበት ቱቦው ከራሷ በላይ ተበጠሰ።

ጩኸቷ ሰው የሚጮኸው ዓይነት አልነበረም። ሮጠ። ቤቱ በእንፋሎት ታፍኖ አይታይም። ዋናውን መዝጊያ ሊያዞር ቢሞክር እጁ ከእጀታው ላይ እየተንሸራተተ እምቢ አለው፤ በሁለት እጁ፣ በደረቱ ተጭኖ አዞረው። ሲዘጋው ሚስቱ ወለሉ ላይ ነበረች። የቀኝ ጉንጯ፣ ጆሮዋ፣ ትከሻዋ፣ ክንዷ ተቀቅሎ ነበር።

ሐኪም ቤት አምስት ሳምንት ተኛች። የኢንጂነሩ ስልክ ዝግ ነው፤ መሥሪያ ቤት ውስጥም ማን እንዳመጣው የሚያስታውስ ጠፋ። ልጅቷ የአባቷን ጉልበት ይዛ አለቀሰች። «ለካው ብለኸን ነበር። ፈቃዱን ጠይቀኸው ነበር። እኔ ነኝ ለዚህ ያደረስኳት» እያለች። ጌጁ ፀጉሯን ዳበሰላት።

ማሞቂያውን ሊያይ የመጣ ባለሙያ መድፈኛዋን ነቅሎ ለልጅቷ አሳይቷት ነበር። እሷም አንድ ቀን እናቷ አልጋ አጠገብ ከአባቷ ጋር ተቀምጣ ተናድዳ አወራችላት። «ማንም የቧንቧ ሰው ከበር ላይ ሆኖ የሚያየው ነገር ነው አለኝ፣ እማዬ። እንዲህ ያለ አረመኔ ነው ያመጣሁልሽ።»

ከፋሻው ውጭ የቀረችው አንዲት ዓይን ቀስ ብላ ዞረችና ጌጁ ላይ አረፈች።

ቤት ገብተው፣ ልጅቷ ሄዳ፣ ሁለቱ ብቻ ሲቀሩ ነው የጠየቀችው።

«አይተኸዋል?»

«አይቼዋለሁ።»

«መቼ?»

«ሲገጥመው።»

ሚስቱ ጣሪያውን አየች። «እሺ» አለች።

ለልጇ አልነገረችም። ስላዘነችለት አይደለም። ጠያቂ በመጣ ቁጥር እሱን አጠገቧ አስቀምጣ፣ በዚያ በተኮማተረ አፏ ትናገራለች። «ባሌ አስጠንቅቆኝ ነበር። ለካ አለው፣ ፈቃድህን አምጣ አለው። እንዲህ ያለ ሰው ይዤ ነው የሳቅኩበት።» ጠያቂዎቹ ጌጁን በአድናቆት ያዩታል። አንዳንዶቹ እጁን ይጨብጡታል፣ እጁ በእጃቸው ውስጥ እየተንቀጠቀጠ።

ወሬው ሰፈሩን አዳረሰ። ማሞቂያ ሊያስተክል ያሰበ ሁሉ ቅድሚያ ጌጁን ይጠራ ጀመር። ፒንሳ ያዝ የሚለው የለም፤ እንዲለካና ገጣሚውን እንዲጠይቅላቸው ብቻ ነው የሚፈልጉት። በየቤቱ እየዞረ በፈረቃው ቀን ግፊቱን ያነባል፣ ቫልቩ ወዴት እንደሚያፈስ ያያል፣ ሥራውን የማያውቁ ገጣሚዎችን ያባርራል። ስሙ ከድሮው ይልቅ ገነነ። ወንበር ይቀርብለታል፣ ጋሼ ይባላል።

ማታ ማታ ቁስሏን የሚያጥበው እሱ ነው። ነርስ አልፈልግም ብላለች፣ ልጇንም እንዲሁ። እጁ እየተንቀጠቀጠ እንደሚያሳምማት ያውቃል፤ እሷ ግን አትጮኽም። ፋሻውን አስሮ ሲጨርስ ሁልጊዜ አንድ ነገር ትጠይቀዋለች።

«ዛሬ የሄድክበት ቤት፣ ያየኸውን ሁሉ ነገርካቸው?»

«ሁሉንም።»

«ጎሽ» ትልና ደህናውን ጉንጯን ትራሱ ላይ አድርጋ የተቃጠለውን ወደ እሱ ታዞራለች።