በሸርጂ ሰሞን የሐቲም ዓሦች

በድሪያ ጠዋት ከእንቅልፏ ስትነቃ መጀመሪያ የምታየው ሰዓቱን አልነበረም፤ በዓሣ ገንዳው መስታወት ላይ የተለጠፈውን ቴርሞሜትር ነበር። ሃያ ስድስት ካለ ደህና ነው። ሃያ ስምንት ካለ አንድ ነገር መደረግ አለበት። ሠላሳን ካለፈ ግን ዓሣ ውሃ ውስጥ እያለ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ውሃ በሞቀ መጠን በውስጡ ሊይዝ የሚችለው አየር እያነሰ ይሄዳልና።

ይህን ያስተማራት ታናሽ ወንድሟ ሐቲም ነበር። ሐቲም በባስራ ወደብ ደለል በምታወጣው መርከብ ላይ ሲሠራ ኖሮ፣ ሚያዝያ ላይ፣ በአርባ አንድ ዓመቱ ልቡ ቆመ። ከእሱ የቀሩት ስልሳ ሊትር ጨዋማ ውሃና ሁለት ዓሦች ናቸው፤ ብርቱካን የመሰሉ፣ ነጭ መቀነት የታጠቁ፣ ከአውራ ጣት የማይረዝሙ።

በድሪያ አላለቀሰችም። በቀብሩም፣ በለቅሶውም፣ በአርባውም አላለቀሰችም። ዘመድ መጀመሪያ «ደንግጣ ነው» አለላት፤ ኋላ ግን «ድንጋይ ሆናለች» ማለት ጀመረ። እሷም ብትሆን በውስጧ የተቀመጠው ነገር ሐዘን ይሁን እንቅልፍ ለይታ አታውቀውም። ቢሮ ትሄዳለች፣ ትመለሳለች፣ የቀረበላትን ትበላለች። ዓሦቹ እንዳይሞቱ ግን ወስናለች። ለምን እንደሆነ ራሷን ጠይቃ አታውቅም።

ትንሽ ገንዳ ከትልቅ ይልቅ ያስቸግራል። በትንሽ ድስት ያለ ውሃ ቶሎ እንደሚፈላ ሁሉ፣ ስልሳ ሊትርም ክፍሉ በሞቀ ቁጥር ወዲያው ይከተለዋል። ስለዚህ በድሪያ ሥራውን በደረጃ ያዘችው። መጀመሪያ የመስታወት ክዳኑን አንስታ በምትኩ ዓሦቹ ዘለው እንዳይወጡ መረብ ዘረጋች፤ ክዳን ሙቀት አፍኖ ይይዛል። የገንዳውን መብራት ቀን ቀን አጠፋች፤ መብራትም ምድጃ ነው። ከዚያ ትንሽ ማራገቢያ በገንዳው ጫፍ ላይ አስራ ነፋሱ የውሃውን ፊት እየላሰ እንዲያልፍ አደረገች። የሚገርመው ይህ ነው፤ ማራገቢያው ራሱ ምንም ቅዝቃዜ የለውም። ውሃው ሲተን ግን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል፣ ላብ ሰውነትን እንደሚያበርድ። በዚህ ብቻ ቴርሞሜትሩ ሦስት ዲግሪ ወረደ።

የሚተነው ውሃ እንጂ ጨው አይደለም። ስለዚህ የጎደለውን በየማታው በተጣራ የመጠጥ ውሃ ትሞላለች፤ ጨው ያለበት ቢጨመር ገንዳው ቀን በቀን እየመረረ ይሄዳል። ጎረቤቷ ኡም ሰልዋን ይህን ስታይ ሳቀችባት። የባስራ የቧንቧ ውሃ ራሱ ጨዋማ ባሕር ሆኖ የለ እንዴ፣ ለባሕር ዓሣ የሱቅ ውሃ መግዛት ምን ይሉታል አለች። በድሪያ ጠርሙሱን ቀና አድርጋ መሙላቷን ቀጠለች።

ከሰሜን የሚነፍሰው ደረቁ ሸማል እስካለ ድረስ ሁሉም ደህና ሄደ። በነሐሴ አጋማሽ ግን ነፋሱ ዞሮ ሸርጂ መጣ። ሸርጂ ከባሕሩ በኩል የሚመጣ እርጥብ ነፋስ ነው፤ ሲገባ ግድግዳው ያልበዋል፣ በገመድ ላይ የተሰጣ ልብስ ሳይደርቅ ያድራል። ልብስ ካልደረቀ ደግሞ የገንዳው ውሃም አይተንም። ማራገቢያው እንደ ድሮው ይዞራል፣ ቴርሞሜትሩ ግን ሃያ ዘጠኝ ላይ ቁጭ አለ። በድሪያ ያን ጊዜ ወደ መጨረሻው ዘዴ ሄደች፤ በፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃ በረዶ አድርጋ፣ ክዳኑን ጥብቅ አድርጋ፣ ገንዳው ላይ ማንሳፈፍ። መብራት በየሁለት ሰዓቱ ስለሚጠፋ ግን ፍሪዘሩ የጠርሙሱን ውሃ ማርጋት አቃተው።

በዚሁ ሳምንት የእናታቸው ስለት ደረሰ። እናታቸው በሕይወት ሳሉ፣ የነቢዩ የልጅ ልጅ በበረሃ ከተገደሉበት ከዓሹራ ቀን በኋላ ባሉት የሐዘን ሳምንታት በየዓመቱ አንድ ቀን ሴቶችን ቤታቸው ሰብስበው ሙሾ ሊያስወርዱ ተስለው ነበር። ስለት ደግሞ ለሸርጂ ተብሎ አይተላለፍም። አክስቷ ፈኽሪያ ከማለዳው መጥታ ምንጣፉን አነጠፈች፣ ጥቁር ጨርቁን ሰቀለች፣ ለእንግዶቹ መጠጥ ከበረዶ ፋብሪካ የመጣውን ትልቅ የበረዶ ግንድ በሰፊ ትሪ አድርጋ ገንዳው ካለበት ከእንግዳ ማረፊያው መሐል አስቀመጠችው። ከቀትር በኋላ አርባ የሚሆኑ ሴቶች ጥቁር አባያቸውን እንደለበሱ ጉልበት ለጉልበት ተጠጋግተው ተቀመጡ። ሙሾ አውራጇ ሙላያ ሰቢሃ ጉሮሮዋን ጠርጋ ስትጀምር መብራት ጠፋ። የሰፈሩ ጀኔሬተር ተነሳ፤ የክፍሉን አየር ማቀዝቀዣ ግን አይችልም።

በድሪያ ጓዳ ውስጥ ብርጭቆ ስታጥብ ቆይታ ነው የተመለሰችው። የሙላያዋ ድምፅ በማጉያው ውስጥ ወንድሟን በበረሃ ያጣችውን እህት እየጠራ፣ ሴቶቹ ደረታቸውን እየመቱ ያለቅሱ ነበር። በድሪያ እንደ ልማዷ ዓይኗን ወደ ገንዳው ላከች። ገንዳው አልነበረም። በቦታው ጥቁር ጨርቅ የለበሰ አራት ማዕዘን ነገር ቆሟል።

በሴቶቹ መሐል ተሻግራ ከአክስቷ ጎን ተንበረከከች።

«አክስቴ፣ ማራገቢያውን ማን ነቀለው?»

«እኔ ነኛ» አለች ፈኽሪያ በሹክሹክታ፣ እንባዋን እየጠረገች። «ማጉያው ሌላ የት ይሰካ? ደግሞስ ሙሾ እየወረደ እነዚያ ባለቀለሞች ወዲያ ወዲህ ሲፈነጩ ነውር አይደለም? አለበስኳቸው።»

በድሪያ ጨርቁን ገለጠችው። ሠላሳ አንድ ይላል። ሁለቱም ዓሦች ከውሃው ፊት ተለጥፈው አፋቸውን በፍጥነት ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ትንሹ ወደ ጎኑ ማዘንበል ጀምሯል።

ነገሩ ግልጽ ነበር። ክዳን በሌለው ገንዳ ላይ ጨርቅ ተጣለ፤ የአርባ ሴት ትንፋሽና ሙቀት ተጨመረ፤ ማራገቢያው ቆመ። ማራገቢያ በሸርጂ ባያበርድም ሌላ ሥራ አለው፤ የውሃውን ፊት ሲያናውጥ አየር ወደ ውስጥ ይገባል። አሁን እሱም የለም።

ከትሪው አጠገብ የነበረውን የበረዶ መዶሻ አንስታ የበረዶውን ግንድ መታችው። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ሙላያዋ ዝም አለች። ልቅሶውም ረገበ። በድሪያ ስብርባሪውን በላስቲክ ከረጢት ውስጥ አፈሰችና አፉን ቋጠረችው።

«ምን እያደረገች ነው?» አለች አንዲት ሴት።

«ለዓሦቿ ነው» አለች ኡም ሰልዋን። «እኛ እዚህ በጥም እንለቅ።»

ከወደ በሩ አንድ ድምፅ ብቻውን ተሰማ። «ለወንድሟ ያላለቀሰች፣ ለዓሣ ትሮጣለች።»

የሰማው ሁሉ ወደ በድሪያ ዞረ። በድሪያ ቃሉን ሰምታለች፤ የሆነ ቦታ ሊያማት እንደሚገባም ታውቃለች። መረቡን አንስታ ከረጢቱን ገንዳው ላይ አንሳፈፈችውና ቴርሞሜትሩ ፊት ቆመች።

«የማን ናቸው?» ብላ ጠየቀች ሙላያ ሰቢሃ። ከሌላ ሰፈር የመጣች ናት፣ የቤቱን ነገር አታውቅም።

«የሐቲም። የወንድሜ።»

ሙላያዋ የያዘችውን ማይክራፎን ለአፍታ አየችው። ከዚያ የማጉያውን ገመድ ተከትላ ሄዳ ከሶኬቱ ራሷ ነቀለችው።

«የኔ ድምፅ ያለ ሽቦም ይሰማል» አለች። «ማራገቢያሽን ሰኪ፣ ልጄ።»

ተመልሳ ተቀምጣ ካቆመችበት ቀጠለች። በማጉያ ሲሰማ የነበረው ድምፅ አሁን ባዶውን ሲወጣ ሻካራና ቅርብ ሆነ፤ ሴቶቹም ይህን ጊዜ ይበልጥ አለቀሱ። በድሪያ ጀርባዋን ሰጥታቸው ቁጥር ትቆጥራለች። ሠላሳ ነጥብ ስምንት። ሠላሳ ነጥብ አምስት። በሰዓት ከአንድ ዲግሪ በላይ ማውረድ አይገባም፤ በሙቀት የደከመ ዓሣ በድንገተኛ ቅዝቃዜም ይሞታል። ስለዚህ ከረጢቱን ታወጣለች፣ ትጠብቃለች፣ ትመልሳለች። ክንዷ እስከ ክርኗ ደነዘዘ። ያን እንኳ ያወቀችው ቴርሞሜትሩን ልትነካ ስትል ጣቷ አልታዘዝ ሲላት ነው።

ሙሾው ሲያበቃ ሴቶቹ ወዲያው አልሄዱም። ፈኽሪያ ጥቁሩን ጨርቅ አጥፋ ይዛ፣ የምታስቀምጥበት እንደጠፋባት ሁሉ ቆማ ቀረች። አንዲት አሮጊት በብርጭቋቸው የቀረውን በረዶ በማንኪያ እያወጡ ወደ ትሪው መለሱ፤ አጠገባቸው ያለችውም እንዲሁ አደረገች።

ኡም ሰልዋን መጥታ ከበድሪያ ጎን ቆመች። ለምን በረዶውን እንዲሁ እንደማትጨምረው፣ በከረጢት ማሰር ምን እንደሚጠቅም ጠየቀች። በድሪያ መልሱን ነገረቻት። በረዶ ሲቀልጥ ጨው የሌለው ውሃ እንደሚሆን፣ ገንዳውን እንደሚያቀጥነው፣ ዓሣውም ያንን እንደማይችለው፤ ውሃው ሲሞቅ አየሩ ለምን እንደሚሸሽ፣ ማራገቢያ በሸማል የሚሠራውና በሸርጂ የሚሠራው ለምን እንደሚለያይ። ሌሎችም ሴቶች ተጠግተው አዳመጧት። ሐቲም መጀመሪያ ያመጣቸው ሦስት እንደነበሩ፣ አንዱ እንደሞተበት፣ ያን ቀንም እራት አልበላም እንዳለ ሳይቀር አወራች።

ፀሐይ ስትገባ የመግሪብ አዛን ሲሰማ ቴርሞሜትሩ ሃያ ዘጠኝ ላይ ነበር። ትልቁ ዓሣ ከውሃው ፊት ወርዶ ወደ ድንጋዩ ጥግ ገባ። ትንሹ ቆየ። ከዚያ ቀና ብሎ ተከተለው። በድሪያ ደስታ ይመጣ እንደሆነ ትንሽ ጠበቀች። የመጣ ነገር አልነበረም።

«ለካ ትናገሪያለሽ» አለች ኡም ሰልዋን።

ከረጢቱ ውስጥ የነበረው ቀልጦ አልቋል፤ በድሪያ ሌላ ለመሙላት ወደ ትሪው ሄደች።