አለቃ የሌላቸው ሰው

የዳታቤዝ ክፍል ኃላፊዋ የድርጅቱን ሠራተኛ ሁሉ በአንድ ሠንጠረዥ ይዛለች። እያንዳንዱ ሰው አንድ ረድፍ አለው፤ በረድፉ መጨረሻ የቅርብ አለቃው ቁጥር ይገባል። ፕሮግራሙ ከዋና ሥራ አስኪያጁ ይነሣና አለቃን ከምንዝር እያያያዘ ወደ ታች በመውረድ ስክሪኑ ላይ ዛፍ ይሥላል። ሥሩ ከላይ፣ ቅርንጫፉ ከታች የሆነ ዛፍ ነው፤ መቼም ቢሮ ውስጥ የማይገለበጥ ነገር የለም።

የመጋዘን ኃላፊው ጡረታ ሲወጣ ረድፉን የሰረዘችው እሷ ናት። በሥሩ የነበሩትን ወደ ሌሎች ክፍሎች ስታዛውር ግን አንድ ሰው ዘለለች፤ ሽማግሌውን ዕቃ ጠባቂ። መጋዘን ውስጥ ተላላኪ ሳለች ፈረቃዋን እየሸፈኑ የማታ ትምህርት ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ማለት ይሄው ነው።

ስህተቷን ያየችው ድርጅቱ ያቀደው የሠራተኛ ቅነሳ ሊወሰን አንድ ቀን ሲቀረው ነው። ሽማግሌው ሠንጠረዡ ውስጥ አሉ፤ የአለቃቸው ቦታ ባዶ ስለሆነ ግን ፕሮግራሙ አይደርስባቸውም። ሹሞቹ ደግሞ የሚያዩት ስክሪኑን ነው፤ እዚያ ያልታየ ተሰናባች ነው።

ቁጥር መሙላቱ ቀላል ነበር። የሚቀበላቸው አለቃ ግን መገኘት አለበት። የግዢ ኃላፊው፣ «የራሴን ሰዎች የት ላድርጋቸው ብዬ ጨንቆኛል እኮ» አላት። የሂሳብ ኃላፊዋ ቀና ብላም አላየቻት፤ «ይቅርብኝ እህቴ» አለች። የጥገናው ኃላፊ ሳቀ።

«ይሄን ያህል ካዘንሽላቸው አንቺው አትወስጃቸውም?»

በቁስሏ ላይ እንጨት ሰደደባት። ተመልሳ ግን በአለቃው ቦታ የራሷን ቁጥር ጻፈች። የሽማግሌው ስም ከስሟ ሥር ብቅ ሲል እፎይ አለች።

በማግስቱ ዛፉ ኮሪደሩ ላይ ባለው ትልቅ ስክሪን ታየ። ሰው ሁሉ እየተጋፋ ራሱን ፈለገ። ዕቃ ጠባቂው መነጽራቸውን አድርገው ብዙ ቆሙ።

ከሰዓት በኋላ የቢሮዋ በር ተንኳኳ። እስከ ትናንት ድረስ «አንቺ ልጅ፣ አለሽ?» እያሉ ዘው የሚሉት ሽማግሌ ባርኔጣቸውን ይዘው ደጃፉ ላይ ቆመዋል።

«ይግቡ እንጂ ጋሼ፣ ምን ሆነው ነው?»

«የሦስት ቀን ፈቃድ እንዲፈቅዱልኝ ነበር» አሉ፣ ወለሉን እያዩ።

«ጋሼ፣ እኔን አንቱ ይሉኛል? ይቀመጡ እባክዎ።»

«ግድ የለም፣ እቆማለሁ።»

ሥራቸውን አትርፋላቸው አባቷን አጣች። የፈቃድ ወረቀቱን ፈርማ ዘረጋችላቸው። ሽማግሌው በሁለት እጃቸው ተቀበሏትና እጅ ነሥተው ወጡ።