መርዙ ቃል የጠፋበት ቀን

መንገድ ላይ ሲያልፍ ልጆች «መርዙ መጣ!» እያሉ ይበተናሉ። በመጀመሪያው ፊልሙ የገዛ ወንድሙን በመርዝ የገደለ ሰው ሆኖ ተጫውቶ ነበርና ስሙ በዚያው ቀረ። መድረክ ላይም ቢሆን መልካም ሰው ሁን ያለው የለም፤ ጨካኝ አከራይ፣ ጉቦኛ ዳኛ፣ ከሃዲ ጓደኛ ሲሆን ነው ጸጉሩ የሸበተው። አማቱ እንኳ መጀመሪያ «ልጄን ለነፍሰ ገዳይ አልሰጥም» ብለው ነበር፤ ኋላ አይጥ አይቶ ወንበር ላይ ሲወጣ ቢያዩት ሳቃቸው አሸነፋቸውና መርቀው ዳሩለት።

ሚስቱ እዚያው ቲያትር ቤት አስታዋሽ ናት። ከመጋረጃው ጀርባ ቆማ ቃል ለጠፋበት ተዋናይ በሹክሹክታ ታቀብላለች። ለባሏ ግን አቀብላ አታውቅም። እሱ ቃሉን የሚይዘው መድረኩ ላይ ካለ ዕቃ ጋር እያሰረ ነው፤ አንዱን ከመስኮቱ ጋር፣ ሌላውን ከወንበሩ መደገፊያ ጋር። ዕቃውን ሲነካው ቃሉ ይመጣል።

ዘንድሮ ነው ነገሩ የተበላሸው። ወንበሩን እየነካ ቃሉ አልመጣ ይለው ጀመር። አንድ ቀን ደግሞ ከልምምድ ሲመለስ የገዛ ሰፈሩ መታጠፊያ ላይ ግራ ይሁን ቀኝ ጠፍቶት ላብ እስኪያጠምቀው ቆመ። ለማንም ትንፍሽ አላለም። ከታወቀበት መድረኩን ይነጥቁታል፤ ከዚያ ሌላ ሥራ ደግሞ አያውቅም።

«ምነው ዝም አልክ?» ትለዋለች ሚስቱ።

«አዲሱን ሰውዬ እያጠናሁት ነው። ክፉ ነው።»

«ያንተ ሰዎች ደግሞ መቼ ደግ ሆነው ያውቃሉ!»

ሐሙስ ከሰዓት፣ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ ሳለ፣ የፈራት ደቂቃ መጣች። አጎት ሆኖ፣ የሙት ልጅ የሆነችውን የወንድሙን ልጅ ከአባቷ ቤት የሚያባርርበት ቦታ ነው። እጁን ወንበሩ ላይ አሳረፈ። ባዶ። መስኮቱን ነካ። ባዶ። አዳራሹ ጭር አለ። ከመጋረጃው ጀርባ አንዲት ሴት ከንፈሯን ስታንቀሳቅስ አየ፤ ማን እንደሆነች፣ ምን እንደምትፈልግ ግን አልገባውም። ፍጥጥ ብሎ ቀረ። ልጂቱን የምትጫወተው ተዋናይት ከምሯ ደነገጠችና «እወጣለሁ! ምንም አይበሉኝ፣ እወጣለሁ!» ብላ እያለቀሰች ሸሸች። መጋረጃው ወረደ። ጭብጨባው ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ።

ወጣቱ አዘጋጅ እየሮጠ መጣ። «ጋሼ፣ ያ ዝምታ! ሰው እኮ መተንፈስ አቆመ! ነገም ልክ እንደዛው ያድርጉልኝ!»

ሳቀ፤ መሳቅስ ይችልበታል።

መልበሻ ክፍል ሲገቡ ሚስቱ በሩን ዘጋች።

«ደጋግሜ አቀበልኩህ።»

«ሆን ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

«እኔን አታታልለኝ። አይተኸኝ አላወቅኸኝም።»

ስንቱን አዳራሽ ያስበረገገው ሰውዬ እጅጌዋን ጭምድድ አድርጎ ያዘ። «ለማንም እንዳትነግሪ። ይወስዱብኛል።»

«አሞታል ብቻ እላቸዋለሁ። ነገ ግን ሐኪም ጋ ነው የምንሄደው።»

«ሐኪሙም መርሳት ጀምረሃል ቢለኝስ?»

ጥጥ አንስታ የፊቱን ቀለም ታስለቅቅለት ጀመር፤ አንዱን ቦታ ብቻ እየደጋገመች ስታሽ ጭራሽ አጨቀየችው።