ፈቃድ ያጣው ዕጣችን

ያን ቀን የዕጣ ፈቃድ ልጠይቅ ከሄድኩበት የመንግሥት ቢሮ በንዴት ነው የወጣሁት። ዛሬም ሳስታውሰው ደሜ ይፈላል።

ጅቡቲ ውስጥ በሰው ቤት ተቀጥረን እዚያው የምናድር ሴቶች ዓርብ ዓርብ ካርቲየ 3 በሚባለው ሰፈር በተከራየናት አንዲት ክፍል እንሰባሰባለን። ከመካከላችን አንዷ የአሠሪዋን የጣሪያ ማራገቢያ፣ ቬንቲላተሩን፣ ስትወለውል ከመሰላል ወድቃ ጉልበቷ ተሰበረ። ማዳሟ ሁለት ሳምንት ታገሠቻትና ቆማ መሥራት ሲያቅታት ሻንጣዋን አውጥታ በር ላይ አስቀመጠችላት። እኛው ክፍል አስተኛናት። ያያት ሐኪም አገሯ ገብታ ቶሎ ቀዶ ጥገና ካልተደረገላት ዕድሜ ልኳን ያለ ምርኩዝ እንደማትሄድ ነግሮናል።

ለመሳፈሪያዋና ለሕክምናዋ ገንዘብ እንዲሆን ዕጣ እናውጣ ያልኩት እኔ ነኝ። ካርቲየ 4 ጨርቅ የሚሸጡ አንድ የድሬዳዋ ሰው፣ ሐጂ እያልን የምንጠራቸው፣ ለሽልማት የሚሆን አዲስ የልብስ ስፌት መኪና ሰጡን።

"መኪናውን ውሰጂ ልጄ" አሉኝ። "ቲኬቱን ግን እኔ ዘንድ እንዳታመጪው። ቁማር ሐራም ነው።"

ቲኬቱን ከደብተር ቀደን ቁጥር ጻፍንበት። እኛ እንደ ዕቁብ ነው ያየነው። ዕቁብ ደግሞ የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም፤ ዳኛዋም ጸሐፊዋም ከመካከላችን ናት። ቲኬቱ እርስ በርሳችን ተሸጦ ካለቀ በኋላ ግን አንዷ "እዚህ አገር ለእርዳታ ዕጣ የፈቃድ ወረቀት ያስፈልጋል" አለችኝ። ወረቀት ከሆነማ ብዬ፣ እኔ ሞኟ፣ በገዛ እግሬ ፈቃድ ሰጪው ቢሮ ልጠይቅ ሄድኩ።

የቢሮው ሰውዬ ከጠረጴዛው ቀና ሳይል በፈረንሳይኛ ጠየቀኝ።

"ቶምቦላ የሚፈቀደው ለተመዘገበ ማኅበር ነው። ማኅበር ናችሁ?"

"የቤት ሠራተኞች ነን።"

"እንግዲያው ተመዝገቡ። የሁላችሁም የመኖሪያ ፈቃድ ይምጣ።"

የግማሾቻችን ፓስፖርት የማዳሞቻችን ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል፤ ግማሾቻችን ጭራሽ ወረቀት የለንም። ይህን እሱ አጥቶት አይደለም። የሱንም ቤት የምትጠርገው ከኛው አንዷ ትሆናለች።

ከመስኮቱ ማዶ የእግር ኳስ ውርርድ ቤት ነበር። በጠራራ ፀሐይ ጎረምሳውም ሽማግሌውም በሩ ላይ ተሰልፏል፤ የልጆቹን የወተት ገንዘብ ይዞ የመጣም አይጠፋም። በጣቴ አሳየሁት።

"ያኛውስ?"

"እሱ ፈቃድ አለው" አለኝ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ። "ሳይፈቀድ መሸጥ ግን ወንጀል ነው። የሰበሰብሽውን ለየባለቤቱ መልሺ፤ ዕጣው እንዳልወጣም ጽፈሽ፣ ፈርመሽ አምጪልኝ።"

ሕጉ አጭበርባሪ ለመያዝ የወጣ ነው ይላሉ። ይሁን፣ በእርዳታ ስም የሚዘርፍ ሞልቷል። ግን ሰው በየቀኑ ኪሱን የሚያራግፍበት ቤት ሕጋዊ ሆኖ፣ የአንዲት ልጅ ጉልበት ለማዳን የተቀደደ የደብተር ወረቀት ወንጀል ሲሆን አንጀቴ አረረ። እንዲህ ያለውን ሕግ ያወጣ ሰው መሰላል ላይ ወጥቶ የማያውቅ መሆን አለበት።

ዓርብ ዕለት ሁሉንም ሰብስቤ የሆነውን ነገርኳቸው፤ የከፈሉትንም በየእጃቸው መለስኩ። ልጅቷ ፍራሹ ላይ ሆና ታየናለች። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኔም ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃ መስሎኝ ነበር።

በዕድሜ የምትበልጠን፣ የዕቁባችን ዳኛ፣ ተነሣች።

"ዕቁብ ላይ የታመመች ስትኖር ምን እናደርጋለን?" አለች።

"ዕጣችንን እንለቅላታለን" አልናት።

የተመለሰላትን ገንዘብ ልጅቷ ፍራሽ ላይ አስቀመጠችና "እኔ ለቅቄያለሁ" አለች። ቀጣይዋ ተከተለቻት፣ ከዚያ ሌላዋ፣ ሁሉም። የስፌት መኪናውንም ሻንጣዋ አጠገብ አቆሙላት። ሐጂ ይህን ሲሰሙ በራሳቸው እጅ ገንዘብ ጨመሩበት፤ "ይኼ ሰደቃ ነው" እያሉ።

በሳምንቱ ወረቀቴን ይዤ ቢሮው ተመለስኩ። "ዕጣው አልወጣም" ይላል፤ ፈርሜበታለሁ። ሰውየው አነበበው።

"ሽልማቱንስ ማን ወሰደው?"

"የታመመችው። ሁሉም ለቀቁላት።"

"ሁሉም?"

"ሁሉም።"

መዝገቡን ገለጠ፣ መልሶ ከደነው።

"ይህን የት እንደምጽፈው አላውቅም" አለኝ።

መጻፊያ ቦታ እንደማይኖረው እኔም አውቅ ነበር። ደህና ዋል እንኳ ሳልለው ወጣሁ። ያን ሰዓት ልጅቷ ከነስፌት መኪናዋ ወደ አገሯ በሚሄደው ባቡር ላይ ነበረች።